ለሰፈሩ ሁሉ ቤት የመረጡት እትዬ አስካለ

የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማነው ጠዋት ነው። ምሕረት ልጆቹን ቁርስ ታበላለች፣ እኔ ወደ ሥራ ልወጣ የጫማዬን ክር አስራለሁ፤ የምሕረት ስልክ ጮኸ። የእትዬ አስካለ የእህት ልጅ ገነት ነበረች። «አክስቴ አረፈች። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፣ እዚሁ ሻሸመኔ» ብላ ቶሎ ዘጋችው። ምሕረት ማንኪያውን እንደያዘች ባለችበት ቆመች።

ከቤት ከመውጣታችን በፊት ለሰፈራችን እድር ዳኛ ደወልኩ። እትዬ አስካለ በዚያ እድር ውስጥ ስንቱን ለቅሶ አብረው ቆመዋል፤ ቢያንስ ሰው ይሰባሰባል ብዬ ነበር። ዳኛው ሰሙኝና «ነፍሳቸውን ይማር። ግን እኮ ሰፈር ሲለቁ ከእድሩም ወጥተዋል። ደንቡ አይፈቅድም» አሉኝ። ዳኛው ያንን ቃል የተናገሩበትን ቤት የመረጡላቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። አላነሳሁባቸውም። ባነሳባቸውም ደንቡን ነበር የሚጠቅሱልኝ።

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሻሸመኔ ከሐዋሳ ቅርብ ነው፤ ሰው ለሠርግ ሄዶ ለራት ይመለሳል። ከሰፈሩ የሄድነው ግን እኔና ምሕረት ብቻ ነበርን።

እትዬ አስካለን ያወቅኋቸው ተከራያቸው ሆኜ ነው። ከሶዶ ለሥራ መጥቼ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ፣ ምሕረትን እንዳገባሁ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ግቢያቸው ውስጥ አንዷን ሰርቪስ ክፍል ተከራየን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ሁልጊዜ በአንድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው የሚፈጥኑ ሴት ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። በቤት የተነሳ የተጣላ ሰው ሁሉ በእሳቸው መስኮት በኩል አልፏል። «ወንድምና እህት በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው፣ ለአንድ ቆርቆሮ ቤት ብለው ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲውሉ አይቻለሁ» ይሉ ነበር። «አብዛኛው ደግሞ ገና ሲገዛ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ እዚያ አይመጣም ነበር።»

ያንን ጥያቄ ለሰው መጠየቅ ከጡረታ በኋላ ሥራቸው ሆነ። ክፍያ የሌለው ሥራ። ቤት ሊገዛ ያሰበ ሁሉ «እትዬ፣ እስቲ አብረውኝ ይዩልኝ» ብሎ ይመጣል። እሳቸውም ጫማቸውን ቀይረው ይወጣሉ። ባለቤታቸው ጋሼ ንጉሤ የአቮካዶው ዛፍ ሥር ሬዲዮናቸውን ይዘው እንደተቀመጡ «ዛሬ ደግሞ የማንን ግድግዳ ልትደበድቢ ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ዝም በል፣ የአንተም አይቀርልህ» ብለው በሩን ይዘጉታል።

ግድግዳ መደብደባቸው እውነት ነው። የጣታቸውን አንጓ አጥፈው ከታች ጀምረው ወደ ላይ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ይሄዳሉ። ደላሎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

የእኛ ተራ የደረሰው ምሕረት የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ ነው። ደላላ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት አሳየን። ግቢው አበባ በአበባ፣ የሳሎኑ ወለል እንደ መስታወት የሚያበራ። ምሕረት በሩን ስትሻገር በልቧ መጋረጃዋን ሰቅላ ጨርሳለች። እትዬ አስካለ ሳሎኑን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ መኝታ ቤት ገብተው፣ ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ ጭንቅላታቸውን አስገብተው አሸተቱ። ከዚያ አንዱ ግድግዳ ፊት ቆሙ።

«ይሄ ግድግዳ ለብቻው ለምን ተቀባ?» አሉ።

«ለማሳመር ነው እትዬ» አለ ደላላው።

«ሌሎቹ እንዲያምሩ አልፈለጋችሁም?»

ደላላው ሳቅ ሊል ሞከረ። እሳቸው ወደ ጓሮ ወጥተው የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን አስከፈቱት። በጋ ነበር፤ ከዘነበ ሰንብቷል። ጉድጓዱ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ነበር። ከግቢው ወጡና ጎረቤት በር ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴትን በተሰባበረ ሲዳምኛ ሰላም አሏት። ሴትየዋ በአነጋገራቸው ሳቀች፤ ሰው ከሳቀ በኋላ ደግሞ እውነት አይደብቅም። በክረምት ውሃው ከመሬት ውስጥ እንደሚመነጭ፣ የበፊቶቹ ተከራዮች ፍራሻቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው እንደሚያድሩ ነገረችን።

ደላላው ተከትሎን ወጥቶ «እትዬ፣ እንጀራዬን ምነው ዘጉብኝ?» አለ።

«እኔ የማንንም እንጀራ አልዘጋሁም። አንተ ለእነዚህ ልጆች ውሃ በቤት ዋጋ ልትሸጥላቸው ነበር።»

ምሕረት በመንገዱ ሁሉ አለቀሰች። እትዬ አስካለ አላባበሏትም። «ዛሬ አልቅሺ። ልጅሽን ታቅፈሽ በሐምሌ ከምታለቅሺ ይሻላል» አሏት።

በመጨረሻ ያስገዙን ቤት አስቀያሚ ነበር። ቆርቆሮው ዝጓል፣ በሮቹ አይገጥሙም፣ ኩሽናው ጠባብ ነው። መሬቱ ግን ከፍ ያለ ነው፣ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ጎረቤቶቹም ስለ ሻጩ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። እሱ ብቻ አልበቃቸውም። እጄን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ወሰዱኝ። «ደላላ የሚያሳይህን ኮፒ አትመን። ራስህ ሂድና ማኅደሩ ይውጣልኝ በል። እግድ አለበት ወይ? ባንክ ይዞታል ወይ? አፍረህ እንዳትተው። ሠራተኛው ቢቆጣህም ቆመህ ጠብቅ» አሉኝ። ሠራተኛው ተቆጣኝ፤ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሻጩ ባለትዳር ነበር፤ ሚስቱ ግን ክብረ መንግሥት እናቷን ልታስታምም ሄዳለች። «ውክልና እንልካለን፣ እስከዚያ ቀብድ ይስጡኝ» ሲለን እኔ ልስማማ ነበር። እትዬ አስካለ «ትመጣለች፣ እንጠብቃለን» አሉ። ምሕረት በጣም ተናደደችባቸው፤ ቤቱ ከእጃችን ሊወጣ ነው ብላ። ሴትየዋ በመጨረሻ መጣች። እትዬ አስካለ ከሰው ነጥለው ወሰዷትና «ልጄ፣ ይህ ቤት እንዲሸጥ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት። እኔ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለሻጭ ሚስት የሚጠይቅ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሴትየዋ «አዎ፣ እናቴን ላሳክም ነው» አለች። ያኔ ፈረምን።

ከገባን በኋላም አልተዉንም። የበሩን ቁልፍ በዚያው ቀን አስቀየሩን። የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ወደ ስሜ እስካዞር ድረስ በየቀኑ ጨቀጨቁኝ። ከሁሉም በፊት የውሃው መዝጊያ የት እንዳለ ምሕረት በጨለማ ሳይቀር በእጇ ዳስሳ እንድታገኘው አደረጉ። እኔ ጂፕሰም ላሠራ፣ ሴራሚክ ላስነጥፍ ስጣደፍ፣ «መጀመሪያ አንድ ክረምት አብራችሁት እደሩ። ቤቱ ራሱ የት እንደሚያመው ይነግርሃል» አሉኝ። እውነትም ክረምቱ ሲመጣ ጣሪያው በአንድ ጥግ አፈሰሰ፤ ጂፕሰም ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ይረግፍ ነበር።

ለሁሉም የሚደግሙት አንድ ምክር ነበራቸው። «ሻጩን 'ለምን ትሸጣለህ?' በለውና ዝም በል። ዝምታው ሲከብድህ አንተ አታውራለት። እሱ ይናገር።»

ጋሼ ንጉሤ ከእርሻ ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማይወዱ፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ደክሞኛል ብለው ተኙ፤ አልተነሱም። እትዬ አስካለ ልጅ ስላልነበራቸው እኔና ምሕረት ከጎናቸው ሆነን ሐዘኑን አሳለፍን። ሰፈሩም ያኔ መጣ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆም ነበር።

አርባው እንዳለፈ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። መጥሪያውን ያመጣው የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለ ወረቀቱን ከኪሱ ማውጣት አቃተው። «ሥራህ ነው፣ ስጠኝ» ብለው ተቀበሉትና ውሃ ጠጣ አሉት።

ከሳሾቹ የጋሼ ንጉሤ ልጆች ናቸው፤ ከቀድሞ ሚስታቸው የተወለዱ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ዳዊትና እህቱ። ቦታው የተመራውና መሠረቱ የወጣው በእናታቸው ጊዜ ነው። ከእናታቸው ጋር የተለያዩት እንዲሁ በመኮራረፍ ነበር፤ ስለ ቤቱ የተነጋገረም የተፈራረመም አልነበረም። ግድግዳውን ያቆሙት፣ ጣሪያውን የመቱት፣ ሰርቪሱን የጨመሩት እትዬ አስካለና ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ክረምት ክረምት እየመጡ እዚያ ቤት አድገዋል። ዳዊት «እማ» ነበር የሚላቸው።

አንድ ከሰዓት ምሕረት አላስቻላትም። «እትዬ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ እንዴት...» ብላ ጀምራ አቋረጠችው።

 እትዬ አስካለ እንዲህ አሉን፦ «ለማላውቀው ሻጭ 'ሚስት አለህ ወይ? ልጅ አለህ ወይ?' ማለት ቀላል ነው። ራት አቅርበሽለት አጠገብሽ የተቀመጠን ሰው 'አንተ ስትሞት እኔ የት ልውደቅ?' ትይዋለሽ? አንድ ቀን ብዬው ነበር። 'ልትገድይኝ ነው እንዴ እንዲህ የቸኮልሽው?' ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በዚያው ቀረ።»

ክርክሩ ተጓተተ። ያን ሁሉ ዘመን ከመስኮቱ ውስጥ ሆነው ሰው ባስተናገዱበት የፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ፣ አሁን ከመስኮቱ ውጭ ተሰልፈው ቆሙ። በመጨረሻ ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የወራሾቹ ነው ተባለ። ቤት ለሁለት አይሰነጠቅም፤ የልጆቹን ድርሻ ገዝተው እንዳያስቀሩ ደግሞ አቅሙ የላቸውም። ተሸጦ ይካፈሉ ተባለ።

ያኔ ነው ነገሩ የመረረው። ገዢ እየመጣ ያያል፣ ይወዳል፤ ከዚያ የወራሾች ጉዳይ እንዳለበት ይሰማና ይጠፋል። አብዛኞቹ እትዬ አስካለ ያስተማሯቸው ሰዎች፣ ወይም እነሱ የመከሯቸው ዘመዶቻቸው ነበሩ። ክርክር ካለበት ቤት ሽሹ ብለው ለሰፈሩ ሁሉ የነገሩት እሳቸው ናቸው። አንዱ ገዢ እንዲያ ተመልሶ ሲሄድ በሩን እየዘጉ «ጎበዞች ናቸው። የነገርኳቸውን አልረሱም» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

ዳዊት ደጋግሞ ከአዲስ አበባ ይመላለስ ጀመር። ኩሽናው ግድግዳ ውስጥ ያለ አሮጌ ቧንቧ ያንጠባጥብ ስለነበር ግድግዳው እርጥበት አለው። ቀለም ቀቢ አምጥቶ ያንን ግድግዳ ብቻ አስቀባው። እትዬ አስካለ አልከለከሉትም። ቀጥሎ ለመጣው ገዢ ግን ኩሽናው ውስጥ ቆመው «ይህ የተቀባው ከሥሩ ስለረጠበ ነው። ቧንቧው መቀየር አለበት» አሉት። ሰውየው አመስግኖ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ዳዊት ግቢው መሐል ጮኸባቸው። «ሆን ብለሽ ነው! እኛን ለመጉዳት ስትይ የራስሽንም ድርሻ እኮ ነው የምታጠፊው!»

«አውቃለሁ» አሉት። «በዚህ እጄ አብልቼሃለሁ፤ ሰው አታልሎ መብላት ግን እኔ አላስተማርኩህም።»

«የእናቴን ቤት ይዘሽ የኖርሽው አንቺ ነሽ» አላቸው። እትዬ አስካለ ገብተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ምሕረት እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በመጨረሻ የመጣው ገዢ ብሩክ ነው። ብሩክን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባንክ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ የሰፈራችን ልጅ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እትዬ አስካለ ብዙ ቤት አብረውት አይተዋል፤ አንዱንም አልወደዱለትም ነበር። ዝናብ እየወረደ ከሚስቱ ጋር በአንድ ጃንጥላ መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ዝናብ ሲዘንብ መምጣቱም ከእሳቸው የተማረው ነው።

ጣቱን አጥፎ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እያንኳኳ ሄደ። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አሸተተ። የጓሮውን ጉድጓድ አስከፈተ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላው ይከተሉታል፤ የዘለለው ነገር ሲኖር እንኳ «ጣሪያውን በዚህ በኩል እየው» ይሉታል። ሲጨርስ ሳሎን ቆመና «እትዬ፣ ለምን ይሸጡታል?» አላቸው።

ከዚያ ዝም አለ። የእውነት ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሚስቱ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ጣልቃ ልገባ አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ በዓይናቸው ገሠጹኝ።

«የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው» አሉ።

ብሩክ ወራሾቹ መቸኮላቸውን ያውቃል፤ ሌላ ገዢ አለመኖሩንም ያውቃል። ቧንቧውን፣ ጣሪያውን፣ ክርክሩን አንድ በአንድ እየጠቀሰ ዋጋውን አወረደው። ዳዊትና እህቱ ስለሰለቻቸው ተስማሙ። እትዬ አስካለም ፈረሙ። በርክክቡ ቀን ብሩክንና ሚስቱን በየጥጉ እያዞሩ የውሃውን መዝጊያ፣ የቆጣሪውን ሳጥን፣ ከክረምት በፊት መጠረግ ያለበትን አሸንዳ አሳዩአቸው። ድምፃቸው ለእኛ ይነግሩን የነበረበት ድምፅ ነው፤ ምንም አልተለወጠም።

ብሩክን በኋላ ባጃጅ ውስጥ አገኘሁት። «ማቴዎስ፣ አኩርፈኸኛል አይደል?» አለኝ። «ምን አጠፋሁ? እሳቸው እንዳስተማሩኝ ነው የገዛሁት። አታለልኳቸው?» አላታለላቸውም።  ሰላምታዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው ሊሆንልኝ አልቻለም።

የደረሳቸው ድርሻ ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚገዛ አልነበረም። እኔና ምሕረት ግቢያችን ውስጥ የሠራናትን ክፍል አጽድተን ለመንናቸው። እምቢ አሉ። «እናንተ ወዳችሁ ነው። ግን በዚህ መንገድ ያለውን ቤት ሁሉ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሰው ጓሮ ውስጥ ሰዉ ሲያየኝ መጀመሪያ ያፍራል። ማፈር ሲሰለቸው ደግሞ ይጠላኛል። ሳይጠላኝ ልሂድ።» ሻሸመኔ፣ ገነት አጠገብ ክፍል ተከራይተው ሄዱ።

አንድ ጊዜ ልንጠይቃቸው ሄድን። ክፍሏ ከዋናው ቤት ጀርባ ናት፤ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ይዛ ሞልታለች። ተቀምጠን ስናወራ የቤቱ ባለቤት፣ ከምሕረት የማትበልጥ ሴት፣ ሳታንኳኳ በሩን ከፍታ «እማማ፣ ዛሬ የማጠቢያ ቀንዎ አይደለም እኮ፤ ውሃ ፈሶ አየሁ» አለች።

«እሺ እመቤት፣ አይደገምም» አሉ እትዬ አስካለ።

ደላላ ሁሉ ይፈራቸው የነበሩት ሴት ናቸው። ልነሳ ስል ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ «ቤቱ የሷ ነው» አሉ። ያ መጨረሻችን ሆነ።

ቀብሩ ላይ የነበርነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። ዳዊት አልመጣም። ገነት እንደነገረችኝ ስልክ ደውላለት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሏታል። ካህኑ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ከመቃብር ወደ እትዬ አስካለ ክፍል ተመለስን። ንፍሮው ገና ከሳህን ሳይነሳ የቤቱ ባለቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሐዘኗን ገለጸች። ቀጥላም «ክፍሉን መቼ ነው የምትለቁልኝ? ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ ነው» አለች።

«ዛሬ» አለች ገነት።

ዕቃውን ማውጣት ጊዜ አልወሰደብንም። አልጋው ተፈታ፣ ልብሱ በአንድ ሻንጣ ገባ፤ ሁሉም በአንድ ጋሪ ተጫነ። ሴትየዋ ባዶው ክፍል ውስጥ ገብታ ግድግዳውን በዓይኗ፣ ከዚያም በእጇ ዳሰሰችው፤ ምስማር የተመታበት ቀዳዳ እንዳለ ለማየት። አንድም አልነበረም። የጋሼ ንጉሤን ፎቶ እንኳ አልሰቀሉትም ነበር፤ መሬት ላይ ግድግዳ አስደግፈው አቁመውት ኖረዋል። ምሕረት አነሳችው፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና ጋሪው ላይ አልጫነችውም፤ ታቅፋው ወጣች።